ማን ባለበት? ከሐይቅ ወንጌል እስከ ስድስት አኃዝ ኮድ

ባለፈው ዓመት ከመኸር በኋላ ነው። ማሻ የምትኖረው አክስቴ መካነ ሰላም ገበያ በሬ ሸጣ፣ ገንዘቡን ስልኳ ላይ አስገብታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ማታ ስልክ ተደወለላት። ደዋዩ ከነአባቷ በስሟ ጠራት። «እማማ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምንደውለው። ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ እናድስልዎ። አሁን የሚገባልዎትን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ። መስመሩን እንዳይዘጉ፤ ለማንም እንዳይናገሩ» አላት። ቁጥሩ ገባ። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር ከቁጥሩ በቀር የገባት ነገር የለም። «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ እዚያው ከቁጥሩ ሥር ነበር። አነበበችለት። 18,000 ብር ሄደ።

በማግስቱ ስደውልላት «ልጄ፣ ብሩስ ይሁን፤ ማን ባለበት ሰጠሽው ቢሉኝ የምጠራው ሰው የለኝም» አለችኝ።

እኔ በምህንድስና ተመርቄ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዬን በመረጃ ደኅንነት ላይ እየሠራሁ ነው። ስለ ምስጠራ፣ ስለ ይለፍ ቃል፣ ስለ ሰርቨር ብዙ ተምሬያለሁ። «ማን ባለበት?» የሚል ጥያቄ ግን በአንድም ኮርስ አልገጠመኝም። መጀመሪያ የገጠር ሰው ብሶት መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን የአክስቴ ጥያቄ ከአብዛኛው የክፍል ትምህርቴ ይበልጥ ወደ ችግሩ የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። ሀገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ማጭበርበርን የተከላከለችው በዚህ ጥያቄ ነውና።

በመጀመሪያ ማታ የተደረገውን ነገር እንየው። ደዋዩ በራሱ ስልክ የአክስቴን ቁጥር አስገብቶ «የምስጢር ቁጥሬን ረስቻለሁ» የሚለውን ተጫነ። ሲስተሙም እንደ ደንቡ ኮዱን ወደ አክስቴ ሲም ካርድ ላከ። ኮዱ የሚያረጋግጠው አንድ ግምት ብቻ ነው፤ ይህን ቁጥር ያስገባ ሰው ሲም ካርዱን በእጁ ይዟል የሚል ግምት። ምስጠራው አልተሰበረም፤ ኔትወርኩም አልተጠለፈም። የተጠለፈችው አክስቴ ናት። ጠለፋው የተሳካውም ሰውዬው ሁለት ነገር ስላደረገ ነው፤ ማንነቱን ሳያረጋግጥ አዘዛት፣ ከዚያም ከጎረቤት ነጠላት። «ለማንም እንዳይናገሩ» የሚለው የንግግሩ ማሳረጊያ ብቻ አይደለም፤ የሥራው ዋና መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። ደግሞም ከወሎ ሳንወጣ።

ከደሴ በስተሰሜን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተዳደሩት፣ አበምኔቱም ኋላ «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ስፍራ የያዘበት ገዳም ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዐ የሚባለው አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280 እና 1281 ገደማ ነው። ታሪክ አጥኚዎች ይህን መጽሐፍ ሲከፍቱ የሚፈልጉት የማቴዎስንና የማርቆስን ቃል ብቻ አይደለም። በባዶ ገጾቹ ላይ በየጊዜው የተጨመሩ ጽሑፎች አሉ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 የሐይቅን አበምኔቶች ቅደም ተከተል ባጠኑ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ምንጭ ብዙ ተጠቅመዋል።

ይህ የሐይቅ ብቻ ልማድ አይደለም። በደጋው ክርስቲያን ሀገር ጉልት ሲሰጥ፣ ርስት ሲከፈል፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ መሬት ሲሸጥ ሲለወጥ፣ ውሉ የሚጻፈው በደብሩ ወንጌል ወይም በሌላ የከበረ መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነበር። ለምን? ብራና ስለጠፋ ነው የሚል መልስ ሰምቼ አውቃለሁ። አያሳምነኝም። ወንጌሉ በደብሩ ውስጥ ካሉት መጻሕፍት ሁሉ ብዙ ዓይን የሚያየው ነው። በየበዓሉ ይወጣል፣ ይነበባል፣ ይሳለማሉ። ባለጉዳዩ ቤቱ ወስዶ በሌሊት የሚያርመው ሰነድ አይደለም። ካህኑም ብቻውን አያስቀምጠውም፤ ዕቃ ቤቱ የራሱ ጠባቂ አለው።

ስለ ቀለሙም ትንሽ ልበል፤ መሐንዲስ ነኝና ልለፈው አልችልም። የእኛ ሊቃውንት ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ከብራናው ላይ ይቀመጣል እንጂ ብዙ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ስለዚህ በስለታም ነገር ሊፋቅ ይችላል። ግን የተፋቀ ብራና ይሻክራል፤ ብርሃን ላይ ሲይዙት ይታያል፤ እንደገና ሲጻፍበትም የፊደሉ ጠርዝ ይሰነጣጠራል። እኛ በሙያችን ሁለት ዓይነት መከላከያ እንለያለን። አንዱ እንዳይነካ የሚያደርግ ነው፤ ሌላው ከተነካ የሚያሳብቅ ነው። ብራና ሁለተኛው ነው። በየውሉ መጨረሻ ያለው ግዝትም ይህን ያውቃል፤ የሚያወግዘው መሬቱን የቀማውን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን የሰረቀውንና የፋቀውን ጭምር ነው። የዛሬ 500 ዓመት የነበረ ጸሐፊ መረጃን መለወጥ ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ መቁጠሩ ያስገርመኛል። በእኛ ዘመን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኮምፒውተር ዳታ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ከማጭበርበሩ ለይቶ ሲደነግግ ያደረገው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከቀለሙም ከግዝቱም በላይ ግን ዋናው የስም ዝርዝሩ ነው። ይህ ሲሆን ንጉሡ እገሌ፣ ጳጳሱ እገሌ፣ የደብሩ አለቃ እገሌ፣ የሀገሩ ሹም እገሌ ነበሩ ይላል። በሽያጭ ውል ላይ ዳኛው፣ ዋሱና እማኞቹ ይቆጠራሉ። አንዳንዱ ውል ራሱ ሦስት መስመር ሆኖ የእማኞቹ ስም አምስትና ስድስት መስመር ይይዛል። የአክስቴ ጥያቄ መልሱ እዚያ ተጽፏል፤ እነ እገሌ ባሉበት።

ደግሞ ሁሉንም ማሞካሸት አልፈልግም። ወንጌል ላይ መጻፉ ሐሰትን እውነት አያደርገውም። የአክሱም ጽዮን የመሬት ሰነዶች ውስጥ በአብርሃና አጽብሓ ስም የተመዘገቡ ስጦታዎች አሉ። የታሪክ ምሁራን እነዚህን ከብዙ ዘመን በኋላ ተጽፈው ለጥንት ነገሥታት የተሰጡ እንደሆኑ ይቆጥሯቸዋል። ለምን ተቻለ ካልን፣ እማኝ ተብለው የሚጠሩት ሁሉ የሞቱበትን ዘመን መምረጥ ቀላል ስለሆነ ነው። የእማኝ ጉልበት እማኙ በሕይወት እስካለ ወይም የሚያስታውሰው እስካለ ድረስ ነው። የሞተ እማኝ የይለፍ ቃሉ እንደ ወጣበት አካውንት ነው፤ ማንም ይገባበታል።

ማኅተምም ሌላው መንገድ ነበር። የዐፄ ዮሐንስን ወይም የዐፄ ምኒልክን ደብዳቤ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ማኅተሙ ያለው ከላይ ነው። ዛሬ መሥሪያ ቤቶቻችን ከታች፣ ከፊርማው አጠገብ ነው የሚያትሙት። የላይኛው ማኅተም የክብር ምልክት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሚያስከትለው ነገር አለ። ደብዳቤው የደረሰው ሹም ትእዛዙን ከማንበቡ በፊት ያዘዘው ማን እንደሆነ ያያል። ላኪው መጀመሪያ ራሱን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ያዛል። የአሁኑ የስልክ ኮድ የተሠራው በግልባጩ ነው። ባንኩ ደንበኛውን በይለፍ ቃል፣ በኮድ፣ በጣት አሻራ ይመረምራል። ደንበኛው ባንኩን የሚመረምርበት መንገድ ግን አልተሰጠውም። የደወለላትን ሰው አክስቴ በምን ታረጋግጠው ነበር? በድምፁ ትሕትና?

የገበያው ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ነበረው። የወሎ ነጋዴ የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ሲቀበል የሚመረምረው ራሱ ተቀባዩ ነው። ብሩ ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ጥሩ ብር ነው። የሴትዮዋ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉት እንክብሎች ጥርት ብለው ካልታዩ «ይህ አይሆንም» ይላል። ጠርዙ ላይ ፊደል ተቀርጾበታል፤ ከዳር ዳር እየከረከሙ ብር የሚሰርቁ ሰዎች ፊደሉን ሳያጠፉ መከርከም አይችሉም። ይህ ምርመራ እጅግ ጥብቅ ስለነበር ጣልያን ለኤርትራ በራሷ ንጉሥ መልክ ያወጣችው ብር፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1918 ማርያ ቴሬዛን አስመስላ ያወጣችው ብር ሕዝቡ ዘንድ አልሠመረላቸውም። በመጨረሻ ሙሶሎኒ ወረራውን ሲያዘጋጅ እውነተኛውን መቅረጫ ከኦስትሪያ ማግኘት ነበረበት። ፊደል ያልቆጠረ የአንድ ገበያ ሰው ዓይን አንድ መንግሥትን እዚህ አደረሰው።

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ መቅደላ ይገኛል። ስለ መቅደላ ሲነሳ ሁላችንም ስለ ሽጉጡና ስለ ሴባስቶፖል እናስባለን። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት እጅግ ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ዘረፈው። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። 350 ያህል መጽሐፍ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1872፣ ዐፄ ዮሐንስ ለእንግሊዝ ጻፉ። ከተወሰዱት መካከል አንድ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ምክንያታቸውን ልብ ይበሉ፤ መጽሐፉ የሹማምንቱን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱንና የአውራጃዎቹን ስም ይዟል፤ ያለ እርሱ ሕዝቤ ትእዛዜን አይቀበልም የሚል ነበር። ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተርኩልን እንደ ቅርስ ማስመለስ ነው። እኔ ሳነበው ግን ንጉሡ የጠየቁት ዳታቤዛቸውን ነው። የዚያ መጽሐፍ ጥቅም ያለው መዝገቡና መዝገቡን የሚያውቁት ሰዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ለንደን ላይ መጽሐፉ ነበር፣ እማኝ አልነበረም። እዚህ እማኞቹ ነበሩ፣ መጽሐፉ አልነበረም። የየአድባራቱን መጻሕፍት ወደ አንድ አምባ የሰበሰበው ሰው ቅን አሳብ ቢኖረውም፣ ለዘራፊው አንድ በር ብቻ እንደተወለት ማየት አይከብድም። ዛሬ መረጃ ሁሉ አንድ ማዕከል ይግባ ሲባል በሰማሁ ቁጥር መቅደላ ትዝ ይለኛል።

እማኝነት ከሰው ወደ መሣሪያ የተሻገረበትን ጊዜ ምረጥ ብባል 1909 ዓ.ም.ን እመርጣለሁ። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን በአዲስ አበባ ከሥልጣን ተሻሩ። ከክሶቹ ዋነኛው ሰልመዋል የሚል ነበር፤ በእስላም ልብስ የሚታዩበት ፎቶግራፍም በሰው እጅ ይዞር ነበር። ፎቶው ተቀነባብሮ የተሠራ ነው የሚለው በብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ተጽፏል። በእርግጥ ኢያሱ የወደቁት በአንድ ፎቶ ብቻ አይደለም፤ የመኳንንቱ ኩርፊያና የውጭ ለጋሲዮኖች ግፊት ከበስተጀርባ ነበሩ። እኔን የሚስበኝ ፎቶው እንዴት እንደታመነ ነው። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ማለት «እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ» የሚል እማኝ ነበር። ማን አነሳው? የት? ማን ባለበት? ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17፣ የወሎ ሠራዊት ሰገሌ ላይ አለቀ። በዚህ ሀገር ያልለቀሰ ቤት አልነበረም ይላሉ ሽማግሌዎች። አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የዘመድን ድምፅ አስመስሎ ገንዘብ መጠየቅ ሲጀመር፣ ለእኛ አዲስ ነገር አልመጣብንም ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ጊዜ ስንመለስ፣ መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለጥቂት ሰዓታት ተበላሽቶ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ከሌለ ገንዘብ ጭምር ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሌሊቱን በኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል። ይህን የማነሳው ስለ ብልሽቱ ሳይሆን ኋላ ስለ ሆነው ነው። ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱ ከ500 በላይ ሰዎችን ስምና ፎቶ ይፋ አወጣ። ብዙ ሰው «እሰይ» አለ። እኔም በመጀመሪያ ብያለሁ። ዘግይቶ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ ደንበኛ አካውንት ሲከፍት ፎቶውን የሰጠው ለምን ነበር? ለመታወቂያ። ለአደባባይ ግን አልነበረም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ከመሠረታዊ መርሆቹ አንዱ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ነው፤ እንዲቆጣጠር የተሰየመውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አክስቴን የነካትም ይኸው መርህ ነው። ሰውዬው ከነአባቷ ስሟን እንዴት አወቀ? ይህን ጥያቄ ይዤ ለበዓል ስሄድ ገንዘቡን ያስገባችበት ሱቅ ጎራ አልኩ። ባንኮኒው ላይ ባለ መስመር ደብተር ተዘርግቷል። ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የገንዘብ መጠን፣ ፊርማ። ከፊቴ የነበረው ሰው ሲፈርም እኔ ቆሜ ከላዩ ያሉትን የአሥራ አራት ሰዎች መረጃ አነበብኩ። ማንም «ምን ታያለህ?» አላለኝም። ከእነዚያ አንዱ በሬ የሸጠ፣ አንዱ ልጁ ከጅዳ የላከለት መሆኑን ከመጠኑ መገመት አይከብድም። አጭበርባሪው ከዚህ ደብተር ነው ያገኘው ማለት አልችልም። ግን ከዚህ ቢያገኝ አንድ ፎቶ ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። የወንጌሉ ኅዳግና የሱቁ ደብተር ሁለቱም ብዙ ዓይን ያያቸዋል፤ ወንጌሉን የሚያዩት ግን ባለጉዳዩን የሚያውቁ፣ ቢጠየቁ የሚመሰክሩ ናቸው። ደብተሩን የሚያየው ማንም መንገደኛ ነው። እማኝና ተመልካች አንድ አይደሉም።

ባለሱቁን ገጹን በወረቀት እየሸፈነ የሚፈረምበትን መስመር ብቻ እንዲያሳይ ነገርኩት። ሳቀብኝና ካርቶን ቆርጦ ሠራ። አንድ መስመር ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ አላት። ለአገልግሎት ሰጪዎቹ ደግሞ መልእክቱን በአማርኛና በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች መላክ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ የጽሑፍ ለውጥ ነው እንጂ የሮኬት ሳይንስ አይደለም። ሌላው የምጠይቀው፣ ደንበኛው ከፈለገ ከተወሰነ ብር በላይ ሲወጣ አንድ ሌላ ሰው፣ ልጁ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ በስልኩ እሺ እንዲል የሚያደርግ አማራጭ ነው። ለድርጅት ሒሳብ ሁለት ፈራሚ የቆየ አሠራር ነው። ለበሬ ሽያጭ ለምን አይሆንም?

የአክስቴ ብር እስካሁን አልተመለሰም። እሷ ግን የራሷን አሠራር ዘርግታለች። በሰኔ ሌላ ደዋይ በዚያው ቃና «የሚገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ሲላት «ቆይ ልጄ፣ ሐጂን ልጥራ» አለችው። ሐጂ አጥር የሚዋሰኗት ጎረቤቷ ናቸው። ገና ከደጃፍ ሳትወጣ መስመሩ ተቋረጠ። የደወለበትን ቁጥር፣ ቀኑንና የሐጂን ስም በልጅ እጅ አስጽፋ አስቀምጣለች፤ በዳዊቷ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ፣ ከልጆቿ የልደት ቀን ሥር።